ጭሱ በየት ይውጣ?

ደብረ ታቦር የገባሁት በሐምሌ ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ በርና መስኮት ያስከረችማል፤ እንጨቱ ስለረጠበ ምጣዱ ሥር ኩበት ገብቷል። ማድ ቤቱ ውስጥ እማዬን የለየኋት በሳሏ ነው። አጠገቧ እህቴ ሕፃኗን አዝላ ትጋግራለች።

"ይሄን ጭስ እንዴት ቻልሽው?" አልኳት።

"አዲስ አበባ ነው ዓይንሽን ያሞላቀቀው።"

ፋርጣ ገጠር የነበረው የአያቴ ጎጆ ቢያንስ በሳር ክዳኑ ያስተነፍስ ነበር፤ ጭሱ ሳሩን ከምስጥ ይጠብቃል ይባላል። ቆርቆሮ አያስተነፍስም። ቤቱን ስንለውጥ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ማንም አላሰበም፣ እኔን ጨምሮ። አምና ምርጥ ምድጃ ገዝቼላት ተመጻድቄያለሁ። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከብብ የእንጨቱን ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ እሱን ወዳዋለች። ጭስ ማውጫ ግን አላስገጠምኩለትም። ወጡም ቡናውም አሁንም በሦስት ጉልቻ ነው። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ብላ ሳቀችብኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ከ237 ሺህ በላዩ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። የእህቴን ጀርባ ብቻ አየሁ።

በማግስቱ አናጺ ጠራን። ከጣሪያው ሥር ግድግዳውን በሁለት በኩል ከፈተው፤ ከምድጃው ኋላ የቆርቆሮ ቱቦ አወጣ። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንን። ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ በታች ስለቀረ ነፋሱ ጭሱን መልሶ አስገባው፣ እማዬም "አላልኩም?" አለች። ቱቦው ከጫፉ በላይ ሲረዝም ግን ጭሱ ሳበ። ሕፃኑም በመጋገሪያ ሰዓት ትልቁ ቤት እንዲውል ተስማማን።

የከበደኝ የማታው ነው። የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት ገብቶ በሩ ይዘጋል። ከሰል አይጨስም፣ ስለዚህ ማንም አይፈራውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። "የማይታይ የማይሸት ነገር ሰይጣን ነው በይኛ!" አለችኝ። ራሷን የሚያማትን ግን "ብርድ መትቶኝ ነው" ትላለች።

ከተመለስኩ ወዲህ ማታ ማታ እደውላለሁ።

"ከሰሉ ወጣ?"

"ወጥቷል፣ ወጥቷል።"

ከጀርባዋ እህቴ ስትስቅ ይሰማኛል።