በጅቡቲ በር የገቡ ካሜራዎች

ጅቡቲና የእጅ ካሜራ እኩዮች ናቸው። ፈረንሳዮች ወደቡን መቆርቆር የጀመሩት በ1888 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጆርጅ ኢስትማንም መቶ ፎቶ የሚያነሳ ጥቅል ፊልም የተጫነበትን የመጀመሪያውን ኮዳክ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከወደቡ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሐዲድም የመሃል አገር ዋና የዕቃ በር ሆነ። ከአውሮፓ የሚመጣው ሌንስ፣ የመስታወት ሰሌዳ፣ የፎቶ ወረቀትና የማጠቢያ ኬሚካል በዚሁ በር ገባ። ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ውስጥ ከአያት ሣጥን የሚወጣ የዚያ ዘመን ካሜራ የጅቡቲን ሙቀትና ጨው ሳይቀምስ የመጣ መሆኑ ያጠራጥራል።

ከባቡሩ በፊት ነገሩ የግመልና የበቅሎ ጉዳይ ነበር። በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ መሐንዲስ ክፍል ፎቶ አንሺዎች የሚሠሩት በእርጥብ ኮሎዲዮን ነበር። መስታወቱ እዚያው ይቀባል፣ ሳይደርቅ ፎቶው ይነሳል፣ ሳይደርቅም ይታጠባል። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ ስላለበት ጨለማ ክፍሉም ድንኳን ሆኖ አብሮ ይጓዝ ነበር።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ካሜራውን ከሊዮን አስመጥቶ በ1883 ሐረር ላይ ራሱን አነሳና ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ላከ። በደብዳቤውም ምስሎቹ የነጡት ማጠቢያ ውሃው መጥፎ ስለሆነ ነው ሲል ጻፈ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል በብዙ ንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ካልወጣ፣ ምስሉ የተሠራበትን ብር ቀስ በቀስ እየበላ ያደበዝዘዋል። ራምቦ ካሜራውን በ1885 ሸጠው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ተነስቶ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ከተማ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ባለችው ታጁራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ጊዜ ካሜራ በእጁ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያስቆጫል።

የባቡሩን ፈቃድ ከምኒልክ የተቀበለው የስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ራሱ ፎቶ አንሺ ነበር፤ የተወው ስብስብ ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1900ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ለልጆቹ አወረሰ። ትልቅ የፎቶ ጭነት ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። በ1931 ከዳካር የተነሳው የፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ላይ ወራት ቆይቶ በ1933 ጅቡቲ ደረሰና ከዚያ መርከብ ተሳፈረ። ወደ 6,000 የሚጠጋ ፎቶ ይዞ ነበር፤ ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተነቀሉት ሥዕሎችም አብረው ሄዱ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።

የጅቡቲ አየር ለካሜራ ጠላት ነው። በበጋዋ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ ባሕሩ ደግሞ ጨውና እርጥበት ይሰጣል። የፊልምና የሰሌዳ ሽፋን የሆነው ጄላቲን ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚሠራ ስለሆነ በሞቀ ውሃ ይልማል፣ ከመስታወቱም ይላቀቃል። ስለዚህ የቀድሞ ፎቶ አንሺዎች በቆላ አገር የሚያጥቡት ሌሊት ነበር፤ ጄላቲኑን የሚያጠነክር ኬሚካልም ይጨምሩበታል። ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው ለሞቃት አገር የተለየ ካሜራ ሠሩ። አካሉ ቆዳ ያልለበሰ የቴክ እንጨት ነው፤ ሙጫ በሙቀት ስለሚለቅ መገጣጠሚያዎቹ በናስ ማዕዘንና በቪቴ የተያዙ ናቸው። ሰብሳቢዎች ዛሬ በውድ የሚፈልጉት ይህንን ዓይነቱን ነው።

እንዲህ ያለ ካሜራ ለጥገና ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ወናፉ ማለትም ሌንሱን ከአካሉ የሚያገናኘው ተጣጣፊ ቆዳ ነው። የደረቀ ቆዳ በአንድ ጊዜ ከተጎተተ ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃልና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተለቀቀ ይዘረጋል። ከዚያ ክፍሉ ይጨልምና ትንሽ የእጅ ባትሪ ወናፉ ሆድ ውስጥ ይበራል። ጤነኛው ድፍን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ የተጎዳው በማዕዘኖቹ ላይ መርፌ የወጋው ያህል ነጠብጣብ ብርሃን ያሳያል። ቀዳዳው ከውስጥ በኩል በስስ ቆዳ ይለጠፋል። ለጥገና የማይመች ሆኖ በአዲስ ከተለወጠም አሮጌው ወናፍ አይጣልም፤ የእጥፉ ልክ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጨው የበላውን ቪቴ በጉልበት ማዞር ራሱን መላጥ ነው። ጠብታ ዘይት ተደርጎበት ያድራል፤ በማግስቱ ልኩን በጠበቀ ካቻቪቴ ይሞከራል። የሹተሩ ቅጠሎች ግን ዘይት አይነካቸውም። የተጣበቁት በደረቀ አሮጌ ዘይት ስለሆነ በነጭ ቤንዚን ታጥበው ደረቅ እንደሆኑ ይመለሳሉ።

ሌንስ ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በጥጥና በማጽጃ ፈሳሽ ይለቃል፤ ከቆየ ግን የሚያወጣው አሲድ መስታወቱን ስለሚበላው ጠባሳው አይጠፋም። በጅቡቲ ከኤሲ ቤት የወጣ ካሜራ ውጭ ሲደርስ ወዲያው ላብ ያወጣል፤ ለሻጋታው በር የሚከፍተውም ይኸው እርጥበት ነው። ካሜራው ከቤት ሳይወጣ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ የውጩን ሙቀት እስኪለምድ ሳይከፈት መቆየት አለበት።

ናሱን ወርቅ እስኪመስል መወልወል ብዙ ሰብሳቢ ይወደዋል፤ ሆኖም ጥፋት ነው። ፋብሪካው የቀባው ስስ መከላከያ ቀለም አብሮ ይነሳና፣ የባሕሩ አየር ራቁቱን የቀረውን ብረት ከበፊቱ ፈጥኖ ያጠቃዋል። አረንጓዴው ዝገት ብቻ በእንጨት ስንጥር ተነስቶ ቀሪው በስሱ በሰም ቢጠረግ ይበቃል። በሣጥኑ ክዳን ውስጥ የተለጠፈ የሻጭ ወረቀት ወይም የጉምሩክ ማኅተም ካለም መነካት የለበትም፤ ዕቃው በየት በኩል እንደመጣ የሚናገረው እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከካሜራው ጋር የመስታወት ነጋቲቮች ከተገኙ አንዱ በሌላው ላይ አይደራረቡም፤ ክብደቱ ታችኛውን ይሰብረዋል። በጠርዛቸው ቆመው እያንዳንዳቸው በየወረቀት ፖስታቸው ይቀመጣሉ። ጄላቲን ያለበት ወገን ሲታይ ፈዛዛ ነው፤ ውሃ አይነካውም፣ በጨርቅም አይወለወልም። ቀኑና ቦታው በእርሳስ ፖስታው ላይ የሚጻፈው ሰሌዳው ከመግባቱ በፊት ነው።