መስመር የያዘ በቆሎ፣ ጥላ የወደደ ቡና

ቶናው እስኪቀርብ፣ ወዳጄ፣ አንድ ነገር ላጫውትህ። ኮምባይነር በቆሎ ሲሰበስብ አይተህ ታውቃለህ? አርሲና ባሌ ያየኸው የስንዴውን ይሆናል። የበቆሎው ለየት ይላል። በቆሎ በመስመር ስለሚዘራ የማሽኑ አፍ ከመስመሩ ጋር ካልገጠመ አገዳው ይሰበራል፣ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ኮምባይነር የሚታጠፈው በኋላ እግሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቀጥ አድርጎ መንዳት ሾፌሩን ያዝለዋል።

ታዲያ ማሽኑን የሚሠሩት ምን አደረጉ? ከማሽኑ አፍ ላይ፣ አገዳው በሚገባበት በኩል፣ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ገጠሙ። ልጆች ሆነን በቆሎ ማሳ ውስጥ ድብብቆሽ ስንጫወት እጃችንን ዘርግተን አገዳውን እየዳበስን እንሮጥ የለ? ዘንጎቹም እንደዚያ ከግራና ከቀኝ እየዳበሱ ያልፋሉ። አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከተገፋ ማሽኑ ወደ ጎን ሸሽቷል ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሴንሰር ይህን ያስታውቅና መሪው በራሱ ይቃናል። ሳተላይትስ አይመራውም ወይ ትለኝ ይሆናል። ጥሩው በሁለትና በሦስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይመራል። ግን ሳተላይት የሚናገረው ማሽኑ የት እንዳለ ነው፤ በቆሎው የት እንደበቀለ የሚያውቀው የዳበሰው ነው።

ይህን ይዘን ጅማ እንግባ። ለቡናስ ማሽን የለም? አለ እንጂ! ጃክቶ የተባለው የብራዚል ኩባንያ የመጀመሪያውን የቡና መሰብሰቢያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ማሽኑ ከቡናው መደዳ በላይ ተንፈራጥጦ ይሄዳል፤ ቅርንጫፉን በዘንግ እያርገፈገፈ ፍሬውን ያራግፋል። ለዚህ ግን ረጅም መስመር፣ ለጥ ያለ መሬት፣ ከላይም ዛፍ የሌለው ሰማይ ይፈልጋል።

የእኛ ቡና ደግሞ ጥላ ይወዳል። በአጋሮ መንገድ ስታልፍ ዋንዛውና ብሳናው ከላይ፣ ቡናው ከሥር ነው፤ ዳገት ቁልቁለቱን ተወው። በሊሙ ሰፋፊ እርሻዎች በመደዳ የተተከለ ቡና ቢኖርም የጥላው ዛፍ መሀል መሀሉን ቆሟል። መስመሩ ሳይኖር ሴንሰሩን ማምጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጥላውን ቆርጠን ለማሽን መንገድ እናብጅ የሚል ከመጣ ደግሞ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

እስቲ ለቃሚዋን ጠጋ ብለህ እያት። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ ትይዛለች። አንዱ ዘለላ ላይ ቀይም፣ ቢጫም፣ አረንጓዴም አለ። ቀዩን ብቻ በጣቷ ጠምዘዝ እያደረገች ትለቅማለች፤ ሌላው እስኪበስል ይቆያታል፣ ተመልሳ ትመጣበታለች። ማሽኑ ርግፍገፋው ቢለዝብለትም ጥሬው ከበሰለው ጋር መውረዱ አይቀርም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ!

የዚህ ለቀማ ዋጋ ስንት ነው? አጋሮ አካባቢ ያሉትን የዱሮሚና ማኅበር ገበሬዎች ጠይቅ። የጅማ ቡና ለብዙ ዘመን በጀንፈሉ እየደረቀ በርካሽ ሲሸጥ የኖረ ነው። እነርሱ ግን ቀይ እሸቱን እየመረጡ ማጠብ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቡናቸው የአፍሪካ ምርጥ ተባለ። ያ ቡና በእጅ የተለቀመ ነው።

ታዲያ ያ ዳባሽ ዘንግ ጅማ አያስፈልግም? በቆሎው ጋ ያስፈልጋል! በቆሎውና ቡናው የሚደርሱት ባንድ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ያው አንድ ቤተሰብ ለሁለቱም ይሯሯጣል፣ እጅ ያጥረዋል። ማሳው ለማሽን ጠባብ ነው ካልከኝ እውነትህን ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች በኩታ ገጠም፣ በአንድ ስፋት መስመር ይዝሩ፤ ኮምባይነሩንም በኪራይ ያስገቡ። በቆሎው ቶሎ ከተነሣ ቤተሰቡ ለቡናው ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ለቀማ ጊዜ ያገኛል። ተቀጥራ ለምትለቅመውም ሴት በኪሎው ብቻ አይከፈላት፤ ቅርጫቷ ቀይ በቀይ ሆኖ ሲመጣ ጭማሪ ይታሰብላት።