የተኮራረፉ ወንዞች

ማስታወቂያ መጻፍ እንጀራዬ ነው። «የማይረሳ ጉዞ» የሚለውን ሐረግ ለስንት ሰው እንደሸጥኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። እህቴ ከቨርጂኒያ ደውላ፣ ለእማዬ 65ኛ ዓመት የካሪቢያን ደሴቶችንና የአማዞንን ወንዝ በአንድ መርከብ ልታሳያት እንደከፈለችና እኔም አብሬ እንድሄድ ስትነግረኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት «ማን አሳመናት?» ብዬ ነው። ሁለተኛው ሐሳቤ የባሰ ነበር፤ ከእህቴ ጋር ሁለት ሳምንት በአንድ ክፍል?

እውነቱን ልንገርዎ። ከእህቴ ጋር አራት ዓመት በወጉ አልተነጋገርንም ነበር። አባታችን ሲያርፍ የጥገኝነት ጉዳይዋ ስላላለቀ መምጣት አልቻለችም። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ከቀብሩ በኋላ በስልክ «ብር መላክ ቀላል ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን እንኳ በእማዬ በኩል ሆነ። ወረቀቷን ካገኘች በኋላም ሁለት ጊዜ ቲኬት ቆርጣ ሰረዘች።

መርከቡ የተነሳው ከፍሎሪዳ፣ ከፎርት ላውደርዴል ነው። እማዬ የዘጌ ልጅ ናት፤ የደንገል ታንኳ እያየች ያደገች። ያንን ፎቅ የሚያክል ነገር ቀና ብላ አየችና «ይኼንን ደግሞ ማን ይቀዝፈዋል?» አለች። ሻንጣዋ ውስጥ በሶና ድርቆሽ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ምን ትበላለች ብዬ ስጨነቅ፣ ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ በየቀኑ እንደሚዘጋጅ ነገሩን። በሶው ግን አልተረፈም፤ እህቴ ጨረሰችው።

ባርቤዶስ ላይ ወረድን። ብሪጅታውን ከተማ ውስጥ አንድ ራስታ የእማዬን ነጠላ አይቶ ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። «ኢትዮጵያ?» አለ። «ኢትዮጵያ!» አለች። የሚግባቡበት ቃል ይኼው ብቻ ነበር፤ በቃቸው።

ከዚያ በኋላ መሬት የማይታይባቸው ቀናት መጡ። ኢንተርኔቱ ውድ ነው፣ የሚሸሹበት የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ እማዬ ተኝታ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እህቴ «የት ሆኜ እንዳነበብኩት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

የአባቴን ሞት የነገርኳት በጽሑፍ መልእክት ነበር። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ ቀስ ተብሎ። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ሦስት ቃል ጻፍኩና ላክሁ። እሷ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ገንዘብ በምትቀበልባት ጠባብ ክፍል ሆና ነበር ያነበበችው። ተተኪዋ እስክትመጣ አምስት ሰዓት እያለቀሰች ለሰው መልስ ስትመልስ ቆየች። «ቲኬቱን የሰረዝኩት ቤቱን ፈርቼ ነው» አለች። ያን ሌሊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም «አንቺም ብቻሽን ነው ያስታመምሽው» አለችኝ።

ጠዋት ስንነሳ ባሕሩ ቡናማ ሆኗል። ገና የወንዙ አፍ ሳይታይ ማለት ነው። የዓለም ወንዞች ወደ ባሕር ከሚያፈስሱት ውሃ አምስተኛ ያህሉ የአማዞን ነው ሲባል የገባኝ ያኔ ነው።

ማናውስ ከተማ ከባሕሩ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ፣ ደን መሐል ትገኛለች። በጎማ ንግድ ዘመን ሀብት የተገነባው፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የተከፈተው የኦፔራ ቤት አሁንም አለ። ከተማዋ ጋ ከመድረስዎ በፊት ግን ጥቁሩ ሪዮ ኔግሮና ጭቃማው ሶሊሞይስ ይገናኛሉ። በሙቀት፣ በፍጥነትና በክብደት ስለሚለያዩ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ። መስመሩ በዓይን ይታያል።

እማዬ ሐዲዱን ተደግፋ ብዙ አየች። «አባይም ከጣና ሳይቀላቀል ያልፋል ይባላል» አለች። ቀጥላ ሁለታችንንም ዞር ብላ አየችን፤ «እነዚህ እንኳ ይሻላሉ፤ የተኮራረፉት ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።»

ለመሄድ ካሰቡ ልምከርዎ፤ የብራዚልን ቪዛ ቀደም ብለው ይጨርሱ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን አይርሱ። እንደ እኛ በማናውስ ካልወረዱና መርከቡ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ከሆነ፣ ቪዛዎ ደግሞ የሚያስገባ መሆኑን ያረጋግጡ። በዋጋው ውስጥ ምግብና መኝታ አለ፤ ጉርሻ፣ ኢንተርኔትና የየወደቡ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላል። ይኼን ሁሉ ደምረው ይወስኑ። ከወንድም ወይም ከእህት ጋር ለመታረቅ ግን መርከብ አያስፈልግዎትም። የሚሸሹበት የሌለበት አንድ ማታ ይበቃል።

እህቴ ለፋሲካ መጣች። በሩን ስንከፍት ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው ነበር፤ የጠራቻቸው እማዬ ናት። እህቴን መሐላቸው አስቀመጥናትና፣ አራት ዓመት ዘግይተን፣ እንደ ወጉ አብረን አለቀስን።