የፍየል ማደሪያና ግጦሽ፦ ከስማዳ ቆላ እስከ ሲያትል ጓሮ

ከጉና ተራራ ተነሥቶ በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ አድርጎ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች በሚያሽቆለቁለው ምድር በግ የደጋው፣ ፍየል የቆላው ሀብት ሆነው የኖሩት፣ ፍየል ከሣር ይልቅ ቅጠልና ለጋ ቀንበጥ መቀንጠስ የምትመርጥ በመሆኗና ቁጥቋጦ የለበሰው ገደላገደል ስለሚስማማት ነው። ማታ በእሾህ አጥር በተከበበ ጉረኖ ወይም ጅብ በሚያሰጋበት ሰፈር በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ በተከለለ ጋጣ ታድራለች፤ ቀን ግን መጠጊያዋ እረኛው ነው። ነብርን የሚያባርር፣ ከአዝመራ የሚመልስ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚጎዳ ከታላላቆቹ የተማረ እርሱ ስለሆነ፣ የአካባቢው የፍየል አያያዝ በግንባታ ሳይሆን በሰው ዕውቀት የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል የከተማው ምክር ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ድንክ ፍየሎችን በጓሮ ማርባት ሲፈቅድ፣ ቀንዳቸው የተወገደ፣ ወንዶቹም የተኮላሹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ከእነዚህ አንዷ ፒግሚ የምትባለው፣ የዘር ምንጯ ካሜሩንና ምዕራብ አፍሪካ የሆነ፣ ቁመቷ ከ60 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ፍየል ናት። በዚያ እረኛ ስለሌለ ተግባሩን አጥር ይወርሳል፤ ይሁንና 1.2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ የሽቦ አጥር ውሻን ቢከለክልም ቅጠል አይለይም። የዋሽንግተን ግዛት መለያ አበባ የሆነው፣ በየጓሮው ለጌጥ የሚተከለው ሮዶዴንድሮን ለፍየል መርዝ በመሆኑ፣ ከሀገር ቤት የሄደ አርቢ ከአጥሩ በፊት ተክሎቹን ሊመረምር ይገባዋል። ሌላው አደጋ የሆድ ትል ነው፦ እጮቹ በእርጥብ አጭር ሣር ላይ ስለሚወጡ፣ በስማዳ ገደል ከቁጥቋጦ ላይ የምትቀነጥስ ፍየል የምታመልጠውን በሽታ በጠባብ ጓሮ መሬት ለመሬት የምትግጠው ታገኘዋለች፤ ስለዚህ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከፍ አድርጎ ማንጠልጠልና መስኩን ከፋፍሎ በየተራ ማሳረፍ ይጠቅማል።

በሀገር ቤትም የተራቆቱ ተራሮች እንዲያገግሙ ከልቅ ግጦሽ እየተከለሉ፣ እረኛውም ትምህርት ቤት እየዋለ ሲሄድ፣ ፍየል በደጅ ታስራ የታጨደ መኖ የምትመገብበት ጊዜ እየበዛ ነው። ቀኑን ጭምር በጋጣ ለምትውል ፍየል የቀድሞው ጨለማ ማደሪያ አይበቃም፤ ከሽንት የሚነሣው አሞንያ የተባለ ጋዝ ሳንባን ያውካል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል፣ ከፍየሏ ራስ በላይ የአየር መግቢያ፣ በአጣናዎቹም መካከል በጠጥ የሚወርድበት፣ የግልገል ሰኮና ግን የማይገባበት ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት።