የሽሮ ዕዳ

ሽሮን የሰደብን እኛ ነን፤ ይህን አስቀድሞ ማመን ይገባል። አገር ቤት በግቢ ተማሪነታችን፣ ሜል ካርዳችንን አሳይተን፣ ትሪያችንን ይዘን በተሰለፍንባቸው ቀናት ሁሉ ያላልነው ነገር የለም። ወጡ ቀጭን ስለነበረ «ጣና» የሚል ስም አወጣንለት፤ የተቆረሰውን እንጀራ ደግሞ «ታንኳ» አልነው። ከቤት ገንዘብ የመጣለት ወደ ላውንጅ ያመልጣል፤ ያልመጣለት ጣናን ይሻገራል። ቅሬታችን ሐሰት አልነበረም፤ ቀጭን ሽሮ ቀጭን ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ሽሮ በሕልማችሁ የምታዩበት ቀን ይመጣል» ቢለን ኖሮ ትሪያችን እስኪወድቅ እንስቅበት ነበር።

ቀኑ መጣ። በ2014 ዓ.ም. መባቻ አምስት ሆነን ለትምህርት ቡዳፔስት ገባን። አንዷ ከወልቂጤ፣ አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከመቀሌ፣ ሁለታችን ከአዲስ አበባ ነን። አገር ቤት እያለን አንተዋወቅም ነበር፤ ያስተዋወቀን የተማሪዎች ማደሪያው የጋራ ማድቤት ነው።

ሰው እንዳይመስለው፣ የሃንጋሪ ምግብ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጉላሻቸው ሥጋ በቀይ በርበሬ የተቀቀለበት ደግ መረቅ ነው፤ ቱሮ የሚሉት ደግሞ የአይብ የቅርብ ዘመድ ነው። እንዲያውም ያሳሳተን ይኸው መመሳሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የተከፈተው ትልቁ የገበያ አዳራሽ በገባን ቀን፣ ዛላው በርበሬ በክር ተሰክቶ በየሱቁ ተንጠልጥሎ ስናይ «አገራችን ገባን!» ብለን ጮኽን። አንድ ኪሎ ዱቄት ገዝተን ወደ ማድቤታችን ሮጥን። ሽንኩርቱን አቁላላን፤ በርበሬውን በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ ጨመርን፤ ወጡ ደም መሰለ። ቀመስነው። ጣፋጭ! ከረጢቱ ላይ «ኤዴሽ» የሚል ቃል ነበረ፤ ትርጉሙ ጣፋጭ መሆኑን የተማርነው ያን ለት ነው። የወልቂጤዋ ልጅ ማንኪያዋን አስቀምጣ «መልኩን እንጂ ጠባዩን አላመጣም» አለች።

ቀጥሎ እንጀራ ለመጋገር ተነሣን። ወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ሴቶቹም «ምን ታዩናላችሁ? እኛም እንደናንተ ደብተር ይዘን ነው ያደግነው» አሉ። እውነት ነው። ጭስ ዓይኗን እየለበለባት ምጣድ ፊት የምትቆመው እናት፣ እኅት ወይም ሠራተኛ ነበረች። እኛ በበሩ ስናልፍ «አልደረሰም እንዴ?» ከማለት ሌላ ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ ስልክ ተደወለ።

«እማዬ፣ ሊጡ ስንት ቀን ይቀመጣል?»

«እስኪደርስ ነዋ!»

«ውሃውስ ምን ያህል ነው?»

«እስኪበቃው!»

«መብቃቱን በምን አውቃለሁ?»

«እጅሽ ይነግርሻል። እኔ ከዚህ ሆኜ እንዴት ልንገርሽ፣ ልጄ?»

እጃችን ምንም አልነገረንም። እርሾ የለ፣ ምጣድ የለ፤ የስንዴ ዱቄት በጥብጠን ከክፍሉ ማሞቂያ አጠገብ አስቀመጥነው። በሦስተኛው ቀን ሽታው ኮሪደሩን ሞላው፤ ጎረቤቶቻችንም ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው አመለከቱ። በመጥበሻ ጋገርነው፤ አንድም ዓይን አላወጣ። አብሲት መጣል የሚባል ነገር እንዳለ የሰማነው በአራተኛው ሙከራ ነው። አንድ እንጀራ ስንት ነገር እንደሚጠይቅ ለማወቅ እንጀራ የሌለበት አገር መምጣት ነበረብን።

የጤፍ ዱቄትማ አለ። የጤና ምግብ በሚሸጥበት ሱቅ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ እንደ መድኃኒት ተደርድሯል፤ ዋጋውም እንደ መድኃኒት ነው። በዚህ ነገር አንድ ሌሊት ሙሉ ተከራከርን። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከልክላ በ2015 በመጠኑ ፈቅዳለች። አንዳችን «ታዲያ ምን ተጠቀምን? እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት የተሰጠው ለሆላንድ ኩባንያ አይደለም ወይ? የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። እኛ በራችንን ስንዘጋ ሌላው በጓሮ ገባ!» አለ። ሌላው ቱግ ብሎ «ለአንተ አምሮት ተብሎ እናቴ ጤፍ በማትችለው ዋጋ ትግዛ?» ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ክርክሩን የዘጋው ረኀብ ነው፤ ፓስታ ቀቅለን በላን።

ያማረን ነገርም አንድ አልነበረም። የወልቂጤዋ ልጅ «እንጀራ እንጀራ አትበሉብኝ፣ እኔ ያማረኝ ቆጮ በጎመንና በአይብ ነው» ትላለች። የደብረ ማርቆሱ የሁዳዴን ስልጆ ይተርካል። የአዲስ አበባ ልጆች ጠዋት በሻይ የምንበላውን ፓስቲ ስናነሣ ሳቅ ሆነ፤ «ፓስቲ ደግሞ ምኑ ነው የአገር ምግብ?» ተባልን። እኛም «በርበሬስ? በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ አይደለም ወይ? ስደተኛው በርበሬ የአገር ልጅ ከሆነ ፓስቲያችንም ይሁን!» ብለን ተከላከልን። የመቀሌው ልጅ በመጨረሻ ስለ ጥሕሎ ነገረን። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተለውሶ፣ በጣት እየተድቦለቦለ፣ ጫፉ በተሰነጠቀ እንጨት ተወግቶ ወጥ ውስጥ ይነከራል። ማድቦልቦሉን በባዶ እጁ ሲያሳየን እናቱ እንዲህ አድርገው ለሁሉም እየደረደሩ እሳቸው መጨረሻ ላይ እንደሚበሉ ተናገረ። ከዚያ ዝም አለ።

ይህ ልጅ ጦርነቱ ሲነሣ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ነበር። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ አልሰማም። የደብረ ማርቆሱ ልጅ ታላቅ ወንድም ደግሞ በዚያው ወራት ግንባር ነበር። ሁለቱ የሚያድሩት አንድ ክፍል ነው። ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ አንድም ቀን አልሰማንም፤ ዜና ሲከፈት አንዱ ተነሥቶ ይወጣል።

በ2014 ጥር ከአዲስ አበባ ከመጣ ተማሪ ጋር ዕቃ ተላከልን። ቅቤውና ቋንጣው የእንስሳት ተዋጽኦ ማስገባት ስለማይፈቀድ አየር ማረፊያ ቀረ፤ በርበሬው፣ ሽሮውና አንድ ከረጢት ድርቆሽ ደረሱን። ያን ማታ ሽሮውን ወፈር አድርገን ሠራን፤ ድርቆሹን ፈትፍተን በአንድ ትሪ አቀረብን። የበርበሬው ሽታ ሲነሣ ከመካከላችን ያለቀሰ አለ፤ ማን እንደሆነ አንጽፍም።

የመቀሌው ልጅ እጁን ታጥቦ ቀረበ። አንድ ጊዜ ቆንጥሮ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ብሉ እናንተ» አለ። «እነሱ ምን እንደበሉ ሳላውቅ…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። ያን ጊዜ የደብረ ማርቆሱ ልጅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋለት። ጉርሻ ተዘርግቶ አይመለስም፤ ሁላችንም ያደግነው በዚህ ነው። ወጡ በእጅጌው ላይ እስኪወርድ ድረስ እጁን አላጠፈም። ያኛው ቀስ ብሎ ተቀብሎ በትሪው ጫፍ አኖረው። ማንም አልነካውም፤ ጠዋት እንደገና ድርቆሽ ሆኖ አገኘነው። ከዚያ በኋላ ሽሮ በሠራን ቁጥር እሱ ዳቦውን ይዞ አጠገባችን ይቀመጥ ነበር።

በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በታኅሣሥ መቀሌ ላይ ስልክ ተከፈተ። እሱ በየሰዓቱ ይሞክር ነበር። አንድ ምሽት ማድቤት ተቀምጠን ሳለ መስመሩ ገባ። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ድምፁን ያልሰሙት እናት መጀመሪያ የጠየቁት «በሊዕካ ዶ?» ብለው ነው፤ በልተሃል ወይ ማለት ነው። ትግርኛ የማናውቀውም ቃሉን ሰማነው። ስለ ራሳቸው ምንም አልነገሩትም። እሱ በልቻለሁ ብሎ መለሰ፤ ውሸቱን ነው። ስልኩን ሲዘጋ ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛውን አየና «ሽሮ ተርፏል?» አለ።

ተነሥቶ ድስት የጣደው የደብረ ማርቆሱ ልጅ ነው። የእሱ ወንድም ግን ያን ጊዜ አልደወለም፤ እስከ ዛሬም አልደወለም። የቀረችው ሽሮ ሁለት ማንኪያ ብትሆን ነው፤ አምስት ሰው እንድታዳርስ ውሃ በላይ በላይ ተጨመረባት። ቀረበች። ትሪውን ስናይ አንዳችንም ሳንናገር ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ጣና ነበረች፣ የግቢው ጣና ራሷ። መጀመሪያ የሳቀው የመቀሌው ልጅ ነው። ከዳቦው ቆርሶ «ታንኳ አንድ» አለና አጠቀሰ። ሁለተኛውን ለክፍል ጓደኛው ዘረጋለት።

እንግዲህ እናንተ ዛሬ በሰልፉ ላይ ያላችሁ፣ ሽሮው ይወፍር ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው፣ እኛም ብንሆን እንጠይቃለን። እሑድ ቤት ስትደውሉ ግን ሊጡ እንዴት እንደሚደርስ ጠይቁ፤ ከዚያም የቆመችበት ጭስ ዓይኗን እንዴት እንዳደረጋት ጠይቁ። እኛ አሁን አምስታችንም እንጀራ እንጋግራለን። ዓይኑ ገና ሙሉ አይደለም። በየገናው ደግሞ ገብስ ቆልተን ጥሕሎ እናድቦለብላለን፤ እሱ ለሁላችንም ደርድሮ ራሱ መጨረሻ ላይ ይበላል።