ሐልዋና ማበጠሪያው

ስለ ሐልዋ ከተነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም! እስኪ ያን ዘመን ላውጋችሁ። በ2012 ገደማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሙስካት ውስጥ አዘይባ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ነጭ ቪላ በቤት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። ቤተሰቡ ከኬረላ የመጡ ሕንዶች ናቸው፤ አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች። ልጆቹ “ውሻ! ውሻ!” እያሉ ቤቱን አናወጡት። ያስቸገረው የትልቁ ልጅ ነገር ነበር፤ አቧራ በተነሣ ቁጥር ያስነጥሰዋል፣ ደረቱን ያፍነዋል። ሐኪሙ “ፀጉሩ የማይረግፍ ፈልጉ፤ ከማምጣታችሁ በፊት ግን ልጁ አብሮት ውሎ ይታይ” አለ። ተፈልጎ፣ ተፈልጎ፣ አባቱ ኮከር ስፓኒየል እናቱ ፑድል የሆነ፣ በሁለት መዳፍ የሚያዝ ቡናማ ቡችላ ተገኘ። ልጁ አብሮት ዋለ፤ አንድም ጊዜ አላስነጠሰም! ትንሿ ልጅ ቡችላውን እንዳየች “ሐልዋ!” ብላ ጮኸች። በሳፍሮን፣ በሄልና በጽጌረዳ ውኃ የሚሠራው የኦማን ሐልዋ መልኩ ቁርጥ እሱ ነዋ! ስሙ በዚያው ጸና።

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። እኛም ቤት ውሻ ነበር፤ መቻል ይባላል። የመቻል ቦታው ከደጅ፣ ሥራው የሌሊት፣ ጠላቱ ጅብ ነው። ፍርፋሪ እንወረውርለታለን፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ እሱም ሲጮኽልን ያድራል። እንወደው ነበር፣ በጣም! ጀርባው ላይ እጃችንን አሳርፈን ግን አናውቅም። ከሰው ጋር ቤት ውስጥ የሚኖር ትንሽ ውሻ በወሬ ብቻ ነው የሰማነው፤ የጃንሆይን ሉሉን። ሐልዋ የመጣ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ መጥቶ አገጩን እግሬ ላይ አስቀመጠና እንቅልፉን ለጠጠው። ያ ሙቀት! እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ሽንኩርቱ አለቀ።

የማይረግፍ ፀጉር የራሱ ሥራ አለው። የብዙው ውሻ ፀጉር ጊዜው ሲደርስ ይረግፍና ምንጣፍና ሶፋ ላይ ይቀራል። የሐልዋ ዓይነቱ ግን እያደገ ይሄዳል፤ የተነቀለውም ቢሆን መሬት አይወድቅም፣ ከጥቅልሉ ጋር ተጠላልፎ እዚያው ይቀመጣል። ካላበጠሩት ይያያዛል፣ ቆዳውን ይስበዋል፣ ያመዋል። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የውሾችን የፀጉር ዓይነት በአመዛኙ የሚወስኑት ሦስት ዘረ መሎች ናቸው፤ አንዱ ርዝመቱን፣ አንዱ ጥቅልሉን፣ አንዱ ጢሙንና ቅንድቡን። የእኛ ሐልዋ ከሁሉም ደርሶታል፤ ረጅም፣ ጥቅልል፣ ባለ ጢም!

እንዲህ ያለ ድቅል የፈለግነው እኛ ብቻ አልነበርንም። በ1989 አውስትራሊያ ውስጥ ዋሊ ኮንሮን የተባለ ሰው ላብራዶርን ከፑድል ያዳቀለው፣ ሃዋይ ለምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ለማግኘት ነው፤ የሌላው ውሻ ፀጉር የባሏን አለርጂ እየቀሰቀሰ ቢያስቸግር። እርግጥ የሚያስነጥሰው ነገር በውሻው ምራቅና በቆዳው ቅርፊት ውስጥም ስላለ፣ ጨርሶ አለርጂ የማይቀሰቅስ ውሻ የለም። ስለዚህ የሐልዋን መኝታ አጥባለሁ፣ ወለሉን በእርጥብ እወለውላለሁ፣ የልጁን መኝታ ቤት እዘጋለሁ። ልጁም ተስማምቶት አደገ።

ከሁሉ የምወደው ግን ማታ ማታ ማበጠሩን ነበር። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ፎጣ አነጥፋለሁ፤ ሐልዋ ማበጠሪያውን ሲያይ ሮጦ መጥቶ በጎኑ ጋደም ይላል። መጀመሪያ በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ ከጆሮው ጀርባና ከብብቱ ሥር ቋጠሮ አይጠፋም። ፀጉሩን ከሥሩ ቆንጠጥ አድርጌ እይዝና ከጫፉ ጀምሬ እፈታዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን አይጎተትም፣ አያመውም። አንዱ ጎን ሲያልቅ ሳልጠይቀው ይገለበጣል፣ የፊት እግሩን ራሱ ያነሣልኛል። ልጆቹ ተሰብስበው “አንቲ፣ አሁን የኔ ተራ!” ይላሉ፤ የትምህርት ቤቱ ወሬ፣ የጓደኛው ኩርፊያ፣ የፈተናው ውጤት፣ ሁሉም እዚያ ፎጣ ላይ ይወራል።

የሙስካት በጋማ አይነገርም! ከ2018 ወዲህ በጋ በተነሣ ቁጥር የምናወራው ስለ አንድ ሌሊት ነው፤ በዚያው በሙስካት ጠቅላይ ግዛት ባለችው ቁረያት፣ በጁን 26፣ ሌሊቱን እንኳ ሙቀቱ ከ42.6 ዲግሪ አልወረደም። ሐልዋን የማወጣው ከንጋት በፊት ነው። የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ እኔ ካልቻልኩት የእሱ መዳፍም አይችለውም። ጎረቤታችን፣ አንድ ኦማናዊ አባት፣ በዚያ ሰዓት ነጭ ዲሽዳሻቸውን ለብሰው ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ገመዱን ሰብሰብ አድርጌ መንገድ እለቅላቸዋለሁ፤ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ቢነካ ሌላ ልብስ ሊቀይሩ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፣ ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም! እሳቸውም ከዚያ ማዶ ሆነው “ሰባሕ አልኸይር” ሲሉኝ ቀኔ ይበራል።

ሐልዋ ከመጣ ወዲህ ስንቱ ተለወጠ! ያኔ የሳምንቱ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ ከሜይ 2013 ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ሆነ። ያኔ ፀጉሩን የምቆርጠው ራሴ ነበርኩ፣ ማዳም እየያዘችልኝ፤ አሁን ለውሾች ብቻ የተከፈተ ፀጉር ቤት ቀጠሮ ይዘን እንሄዳለን፣ ሽቶ ተቀብቶ እየተንጎራደደ ይወጣል። ያኔ እማዬን የማገኛት የስልክ ካርድ ፍቄ ነበር። በኋላ ልጆቹ የሐልዋን ፎቶ በስልክ ያሳዩዋት ዕለት “አንቺ ልጅ፣ ይኼ በግ ነው ውሻ?” ብላ እስክትደክም ሣቀች። አሁን በቪዲዮ ስንገናኝ “ሐልዋዬ በላ ወይ?” ሳትል ስለ እኔ አትጠይቅም!

ሐልዋ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል፤ ደረጃ ስንወጣ አቅፈዋለሁ። ትልቁ ልጅ ውጭ አገር ይማራል፣ ሁለተኛዋም ተከትላዋለች። ለዕረፍት ሲመጡ ሻንጣቸውን በር ላይ ጥለው መጀመሪያ የሚፈልጉት ፎጣውን ነው። ያን የሚያህሉ ወጣቶች ወለሉ ላይ ተዘርግተው፣ ማበጠሪያውን እየተቀባበሉ፣ የልባቸውን ያወራሉ። ሐልዋም አይረሳም፤ እግሩን ያነሣላቸዋል!

ከአገር ቤት አዲስ የሚመጡ እህቶቻችን ውሻ ያለበት ቤት ሲደርሳቸው ይፈራሉ፤ እንደ እኔው በደጅ ውሻ ነው ያደጉት። ዓርብ ዓርብ ሲመጡ ቡና አፈላና፣ ከሦስተኛው በኋላ ሐልዋን እጠራዋለሁ። አንዷ ትሸሻለች፣ አንዷ በአንድ ጣት ትነካዋለች፤ ቀስ እያሉ ግን ከጆሮው ጀርባ ያለውን ቋጠሮ ሲፈቱ አያቸዋለሁ። እኔ የምላቸው አንድ ነው፤ መቻልን ያህል ውሻ እየወደድን በእጃችን ሳንነካው አደግን፣ እዚህ ግን ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ በየቀኑ እጃችንን ይፈልጋል፣ ፍቅሩም በእጅ በኩል ይገባል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ውሻ የሚመጣ ከሆነ፣ ፀጉር ቆራጭ ቅጠሩ፣ ሻምፖ ግዙ፣ ሁሉንም አድርጉ፤ ማበጠሪያውን ብቻ ከእጃችሁ አታውጡ!