የማን ልጅ ነው?

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ «ፊልም አትዩ» ልላችሁ አይደለም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንደዚያ ያሉኝን ታላላቆቼን አልሰማኋቸውም። ፊልሞቹን አይተዋቸው ስለማያውቁ በምን እንደሳቡኝ ሊነግሩኝ አልቻሉም። እኔ ግን አይቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ ከሚስበው ነገር ልጀምር።

ነገሩ የመጣው በፍላሽ ነው። አዲስ አበባ ይማር የነበረ ጓደኛዬ ለእረፍት ወደ ከሚሴ ሲመጣ በጣሊያን ፊልሞች የተሞላ ፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ቤተሰቡ ሲተኛ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰካሁና «ሱስፒሪያ» የተባለውን ከፈትሁ። ዳሪዮ አርጀንቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 የሠራው የጠንቋዮች ታሪክ ነው። ግድግዳው ደማቅ ቀይ፣ መብራቱ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ሁሉም ነገር በቀለም የተነከረ ይመስላል። ጎብሊን የተባለው ባንድ የሠራው ሙዚቃ ደግሞ ሹክሹክታ የተቀላቀለበት ነው። ፈራሁ፤ ግን አላቆምሁም። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ የሚያምር ፊልም ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

በፍላሹ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ጣሊያኖች «ጃሎ» የሚሏቸው ናቸው። ጃሎ ማለት ቢጫ ማለት ነው። ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ያወጣ ስለነበር፣ ቃሉ የልብ አንጠልጣይ ታሪክ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በኋላ ወደ ሲኒማ ገባ። ማሪዮ ባቫ በ1964 በአንድ የፋሽን ቤት ውስጥ ሞዴሎች አንድ በአንድ የሚገደሉበትን ፊልም ሠራ። አርጀንቶ በ1970 በመጀመሪያ ፊልሙ፣ በ1975 ደግሞ «ጥልቅ ቀይ» በተባለው መንገዱን ተከተለ።

የእነዚህ ፊልሞች አሠራር ተመሳሳይ ነው። የገዳዩ ፊት አይታይም። የሚታየው ጥቁር የቆዳ ጓንት ያጠለቀ እጁና የሚያብረቀርቅ ስለት ነው። የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ አምረው የለበሱ ቆንጆ ሴቶች ናቸው። ካሜራው ደግሞ ብዙ ጊዜ በገዳዩ ዓይን ያያል፤ በሩን የምንከፍተው፣ ኮሪደሩን የምንሄደው፣ ልጅቷን ከኋላዋ የምንከተላት እኛው ነን። አርጀንቶ በብዙ ፊልሞቹ የገዳዩን ጓንት አጥልቆ የተቀረጸው በራሱ እጅ ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ገረመኝ፤ አደነቅሁትም። የእኔም ዓይን በዚያው በገዳዩ ቦታ መቀመጡን ግን ያኔ አላስተዋልሁም።

አሁን ወደ ከሚሴ ልመልሳችሁ። የእኛን አካባቢ ታሪክ ታውቃላችሁ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከእኛ በታች በዚያው በደሴ መንገድ ላይ ያለችው አጣዬ ተቃጠለች፤ በዞናችንም ብዙ ቤት አለቀሰ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ከሚሴ ገባ። ማን ምን እንዳደረገ ልዘረዝር አልተነሣሁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ልንገራችሁ።

ጎረቤታችን ሐጂ ፒክአፕ ነበራቸው። በዚያ የረብሻ ሰሞን ከመንገድ ዳር የወደቀ ቁስለኛ ጭነው ሐኪም ቤት አድርሰው ተመለሱ። ወደ ግቢያቸው ሲገቡ አየሁና ልረዳቸው ሄድሁ። መኪናውን በባልዲ ውኃ ማጠብ ጀመርን። ደሙ ቀይ አልነበረም። በፀሐዩ ደርቆ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ይሸታል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ደጋግመን ብንደፋበትም ከብረቱ መጋጠሚያ ሥር አልወጣ አለ።

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? «ቀለሙ እንደ ፊልሙ አይደለም» የሚል ነበር። አንድ ሰው ሊሞት ተቃርቦ፣ እኔ ቀለም አወዳድር ነበር።

ሐጂ ግን ውኃውን እየደፉ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙ ነበር፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፦ «የማን ልጅ ይሆን? ልጄ፣ አላወቅኸውም? የማን ልጅ ይሆን?» ማን እንደወጋው አልጠየቁም። ከየትኛው ወገን እንደሆነም አልጠየቁም። የሚያሳስባቸው አንድ ቦታ ላይ የምትጠብቀው እናት ገና አለመስማቷ ነበር።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጃሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ገዳዩ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሞተችውን «የማን ልጅ ናት?» ብሎ የሚጠይቅላት የለም። ራሴን ፈተንሁ። የገዳዮቹን ማንነት አንድ በአንድ አስታወስሁ፤ ከተገደሉት ሴቶች ግን የአንዷ እንኳ ስም አልመጣልኝም። ለዓይኔ የሚያምር ነገር ሰጥተውኝ ከሄዱ በኋላ ረስቻቸው ነበር።

ተነሥቼ ዘፍጥረት አራትን ከፈትሁ። የመጀመሪያው ግድያ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል። ቃየን በምን እንደመታው፣ አቤል እንዴት እንደወደቀ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጌታ ጥያቄ ነው፤ ገዳዩን ፊት ለፊት አግኝቶት ሳለ የጠየቀው ስለ ወንድሙ ነው። ደሙም እዚያ ቀለም የለውም፤ ድምፅ ግን አለው፤ ከምድር ይጮኻል። እኔ ያየሁት ደም ሁሉ ደማቅ ቀለም ነበረው እንጂ ድምፅ አልነበረውም።

«መጽሐፍ ቅዱስስ ደም የለበትም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። መሳፍንት 19ን ያነበበ ሰው ከማንኛውም ፊልም የባሰ ነገር አንብቧል። ነገር ግን ያ ምዕራፍ የሚያልቀው ሕዝቡ ነገሩን ልብ እንዲል፣ እንዲመክርና እንዲናገር በመጠየቅ ነው። በዚያች ሴት ስቃይ እንድንደሰት አልተጻፈም። ስለዚህ ደም አለበት ወይስ የለበትም ከማለት ይልቅ፣ ታሪኩ ከማን ጎን አቁሞን እንደሚሄድ መጠየቅ ይሻላል።

ይህን የምላችሁ ስለ አሮጌ የጣሊያን ፊልም ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ስማቸውንም አልሰማችሁ ይሆናል። በስልካችሁ ላይ ግን የባሰ ነገር ይመጣል፤ እውነተኛ ሰው ሲደበደብ፣ ሲገደል የተቀረጸ፣ አንዳንዴም ሙዚቃ የተጨመረበት ቪዲዮ። ብዙውን ጊዜ የቀረጸው ከደብዳቢዎቹ ጎን የቆመ ሰው ነው። ያም ካሜራ ከገዳዩ ጎን ነው። እናያለን፣ «ጉድ እኮ ነው» ብለን ለጓደኛ እንልካለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። በፊልም የለመደ ዓይን እዚህም ያንኑ ያደርጋል።

አርጀንቶ በ1987 በሠራው «ኦፔራ» ውስጥ ገዳዩ አንዲት ወጣት ዘፋኝ አስሮ ከዓይኗ ሥር መርፌዎች ይለጥፍባታል፤ ከጨፈነች ይወጓታል። ግድያውን እንድታይ ተገድዳለች። እኔን ግን ማንም አላስገደደኝም። ዓይኔን የከፈትሁት ራሴ ነኝ፤ መጨፈንም እችል ነበር።

ፍላሹን ለጓደኛዬ መለስሁለት። ከዚያ ወዲህ ፊልም አላይም አልላችሁም፤ አያለሁ። ነገር ግን ሰው ሲሞት የሐጂ ጥያቄ ይመጣብኛል። ፊልሙ መልስ ከሌለው ብዙ ጊዜ አልጨርሰውም። የእውነት ሰው የሚሞትበት ቪዲዮ ሲላክልኝ ደግሞ ለሌላ አልልክም፤ አጠፋውና ስሙን ለማላውቀው ለዚያ ሰው ቤተ ሰብ እጸልያለሁ። በኅብረታችሁ ይህን ተነጋገሩበት። እርስ በርሳችሁ ሳትፋረዱ፣ ባለፈው ሳምንት ስልካችሁ ላይ ያያችሁትን በሐቅ አውሩ።

ሐጂ በሦስተኛው ቀን በራችንን አንኳኩ። ልጁ ተርፏል፤ አባቱም ተገኝቷል። በራችን ላይ እንደቆሙ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስምና የመጣበትን ቀበሌ ነገሩኝና «በል፣ አሁን አወቅኸው» ብለውኝ ሄዱ። ደጉን ሳምራዊ ሳነብ እስከ ዛሬ ትዝ የሚለኝ የእሳቸው ፒክአፕ ነው። የልጁን ስም እዚህ አልጽፍላችሁም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።